ከበር ሳንቃ የሚወጣ ቤዝ፦ የአንድ ፕሪሲዥን ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3፦ እቅዱ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። የምንሠራው ቤዝ ጊታር ቅርጹን የሚወስደው እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፉለርተን ከተማ ከወጣው ፌንደር ፕሪሲዥን ነው፤ በተለይም በ1957 ተሻሽሎ ከያዘውና እስከ ዛሬ ካልለቀቀው መልኩ። (የአሜሪካውን ታሪክ ስጠቅስ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አካሉን እዚሁ አዲስ አበባ ከእንጨት እናወጣለን። አንገቱን፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን)፣ መቃኛዎቹንና ብሪጁን (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበትን ብረት) እህቴ ከቨርጂኒያ ለዘመድ ሠርግ ስትመጣ በሻንጣዋ ታመጣቸዋለች።

«ለምን አዲስ ቅርጽ አታወጣም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አምስትና ስድስት ክር ያላቸው፣ ባትሪ የሚፈልጉ፣ መቆጣጠሪያ የተደረደረባቸው ቤዞች ገበያውን ሞልተውታል። ፕሪሲዥን ግን አራት ክር፣ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ የድምፅ መጠንና አንድ የቶን (የድምፁን ብሩህነት የሚቀንስ) መቆጣጠሪያ ይዞ ከ70 ዓመት በላይ መድረክ ላይ አለ። ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ ድምፁን ያነሳሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ከድምፁ በፊት የሠሪው ሙያ ይታየኛል። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ፉለርተን ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የተበላሸ ሬዲዮና ማጉያ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው። ፕሪሲዥንም ጠጋኝ ለጠጋኝ ያሰበው ዕቃ ነው። አንገቱ በአራት ቪቴ ይፈታል። የኤሌክትሪኩ ሥራ ከላይ በኩል፣ ከአንድ ፕላስቲክ ሽፋን ሥር ይገኛል። አካሉ ውስጡ ያልተቦረቦረ ደልዳላ ጣውላ ስለሆነ የቫዮሊን ወይም የኮንትራባስ ሠሪን ጥበብ አይጠይቅም።

ይህ እውነት ከሆነ ጊታር ነክተው የማያውቁ የሰፈራችን አናጢ ሊሠሩት ይገባል። የምፈትሸው ይህንን ነው።

ጥቅምት 11፦ እንጨቱ

ፌንደር መጀመሪያ የተጠቀመው አሽ የሚባለውን እንጨት ነበር፤ ከ1956 ገደማ ጀምሮ አብዛኛውን አካል ከአልደር አወጣ። ሁለቱም ለጌጥ የሚፈለጉ ውድ እንጨቶች አልነበሩም። አልደር በተለይ ቀላል፣ ወጥና ቀለም በደንብ የሚቀበል ስለሆነ ለፋብሪካ ሥራ ተመቸ። ስለዚህ እዚህ ሆኜ ከአሜሪካ አልደር ማስመጣት ነገሩን መገልበጥ መሰለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ «በእኛ አገር ለአናጢ የሚገራው፣ ቀላልና የማይጣመም እንጨት የቱ ነው?» የሚለው ነው። መልሱን ማንም አናጢ ያውቀዋል፦ ዋንዛ።

ዋንዛ መላጊያ አይታገልም፤ ከደረቀ በኋላም ቅርጹን ይይዛል። በር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ከበሮም ሆኖ ኖሯል። ግን በየቦታው የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ናቸው። ለአንድ ጊታር ብሎ አዲስ ዋንዛ የሚያስቆርጥ ሰው አልሆንም። ያገኘሁት ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የበር ሳንቃ ነው፤ ውፍረቱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ለዓመታት ፀሐይና ጭስ ያደረቀው እንጨት ነው፤ በምድጃ ከደረቀ አዲስ ጣውላ ይልቅ እንዲህ ያለውን አምናለሁ።

አናጢው ሳንቃውን በጣታቸው አንኳኩተው ሰሙትና «ይኼ አሁን አይንቀሳቀስም» አሉ። ከዚያ የድሮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ወስደን ላዩን አሰስን፤ የተሰበረ ሚስማር ውስጡ ቀርቶ ከሆነ የመላጊያውን ስለት ይበላል። ሦስት ቦታ ተገኝቶ ተነቀለ። ሳንቃው በሦስት ተቆርጦ ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቆ በሞርሳ ታስሯል። የመሐለኛው ቁራጭ ሰፊ እንዲሆን አድርገናል፤ አንገቱም ብሪጁም እሱ ላይ ስለሚያርፉ መጋጠሚያው ከእነሱ ሥር እንዳይወድቅ ነው።

ጥቅምት 20፦ ቅርጹ

ከአንድ ጓደኛዬ ቤዝ ላይ በካርቶን ልክ ወስጄ ነበር። ካርቶኑ ጣውላው ላይ ተዘርግቶ በእርሳስ ተሠመረ። ከሁሉ በፊት ግን ከላይ እስከ ታች አንድ የመሐል መስመር ተሠምሯል፤ ከአሁን ወዲህ ሁሉም ነገር ከእሱ ነው የሚለካው።

አናጢው ሁለቱን ቀንዶች አይተው «ይኼ ለመልክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም። የቤዝ አንገት ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ አራት ከባድ መቃኛዎች ተሸክሟል። የላይኛው ቀንድ ተዘርግቶ እስከ 12ኛው ፍሬት (ፍሬት አንገቱ ላይ ኖታዎቹን የሚለየው ቀጭን ብረት ነው) አቅራቢያ የሚደርሰው ማንገቻው እዚያ ላይ ሲታሰር መሣሪያው በአንገቱ በኩል እንዳይወድቅ ነው። የታችኛው ደግሞ እጅ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች እንዲገባ ተቦርቡሯል። ፌንደር ይህን ባለ ሁለት ቀንድ ቅርጽ መጀመሪያ የሞከረው በዚህ ቤዝ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው የፌንደር ጊታር፣ ስትራቶካስተር፣ የመጣው በ1954፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ውለታው ግን ተመልሷል። የመጀመሪያው ፕሪሲዥን ጠርዙ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ ስለነበር ክንድንና ጎድንን ይቆርጥ ነበር፤ ስትራቶካስተር ይዞት የመጣው ለሰውነት የተመቸ ጎድጓዳ ገላ በዚያው ዓመት ወደ ቤዙ ተሻገረ።

መጋዙ ቅርጹን አወጣ፣ ሞረዱ አለሰለሰው። የክንድ ማረፊያውን ተዳፋት ሲያወጡ አናጢው «የወንበር እጅ መደገፊያ ሥራ ነው» አሉና ካርቶኑን ዳግም ሳያዩ በእጃቸው ስሜት ጨረሱት። ደጋግሜ ክንዴን አስቀምጬ ሞከርኩት፤ ከጓደኛዬ ቤዝ የበለጠ ይመቻል። ውፍረቱ በመላጊያ 45 ሚሊ ሜትር ላይ ደርሷል።

ኅዳር 2፦ አንገቱ መጣ

ዕቃው በሰላም ገባ። አንገቱ ሜፕል ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ገጽ ሮዝዉድ፣ 20 ፍሬት። (ፌንደር የፕሪሲዥንን አንገት እስከ 1959 ድረስ ከሜፕል ብቻ ይሠራ ነበር፤ ሮዝዉዱ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።) ከሰፋፊ መቃኛዎቹ እስከ መጨረሻው ፍሬት ሳየው ይህን ክፍል እዚህ ለመሥራት አለመሞከሬ ትክክል እንደነበር ተሰማኝ። አካሉ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ማንም አይሰማውም። ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ዘፈኑ ይበላሻል።

ልኩ 34 ኢንች፣ ማለትም 863.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክሩ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ ብሪጅ በነፃነት የሚርገበገብበት ርዝመት። የፍሬቶቹን ቦታ የሚወስነው ቀላል ስሌት ነው። ርዝመቱን ለ17.817 ስናካፍል የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ 48.47 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ የቀረውን ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር እያካፈሉ መቀጠል ነው። 12ኛው ላይ ሲደረስ በትክክል ግማሹ፣ 431.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በካሊፐር ለካሁት፤ ልክ ነው።

ከዚህ ቤዝ በፊት የባንድ ቤዝ ማለት ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆሞ የሚመታ ኮንትራባስ ነበር። ክሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ፍሬት ስለሌለው ድምፁን በጆሮ መፈለግ ግድ ነው። ጊታሮች በኤሌክትሪክ ማጉያ መጮህ ሲጀምሩ ደግሞ የሚሰማው ጠፋ። በትከሻ የሚነገት ባለ ፍሬት ኤሌክትሪክ ቤዝ ያሰበው ፌንደር ብቻም አልነበረም፤ ሲያትል ውስጥ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ ሠርቶ ሸጧል፣ ግን አልተስፋፋም። የፌንደር ብልኅነት እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ፦ ቤዙን ብቻ አውጥቶ አልተወውም፤ በ1952 ለእሱ የሚሆን ባስማን የተባለ ማጉያ አወጣለት። ሬዲዮ ጠጋኝ መሣሪያው ብቻውን ድምፅ እንደማይሆን ያውቃል። የጃዝ መሪው ላዮኔል ሃምፕተን ባንዱ ውስጥ አስገባው፤ ሞንክ ሞንትጎመሪም ከዚያ ባንድ ጋር ይዞት ዞረ። ለብዙ ዓመታት በሸክላ ሽፋን ላይ ኤሌክትሪክ ቤዝ የሚባል ነገር ሁሉ «ፌንደር ቤዝ» ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ኅዳር 9፦ የአንገቱ ማረፊያ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ሙሉ ቀን ወስዷል።

አንገቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ 16 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። ስፋቱን ከወረቀት ላይ ሳይሆን ከራሱ ከአንገቱ ነው የወሰድነው፤ አንገቱን በመሐል መስመሩ ላይ አስተካክለን አስቀምጠን ዙሪያውን በሹል ቢላ ጫርን። ቢላ ከእርሳስ ይሻላል፤ የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት አለው። ከዚያ ትራፓኖው ውስጡን ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ አወጣለት፣ የቀረው በመሮ ተጠረገ። አናጢው ራውተር (እንጨት የሚቦረቡር ማሽን) አላቸው፤ ለዚህ ግን መሮ መረጡ። ወለሉ ፍጹም ደልዳላ መሆን አለበት፤ ትንሽ እንኳ ቢያዘነብል አንገቱ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲሄድ ዝንባሌው ተባዝቶ ክሮቹ ከፍሬቱ በላይ ይንሳፈፋሉ ወይም ይጋደማሉ።

አንገቱን ስናስገባው በእጅ ግፊት ገባ፤ አካሉን ብናነሳው ያለ ቪቴ ተንጠልጥሎ ቀረ። አናጢው ኮላውን አነሱ።

«ጋሼ፣ ኮላ አይነካውም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ኃይል የሚሸከም ነው። ክሩ ሲወጠር ስንት ይጎትታል?»

«አራቱ ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ።»

«ታዲያ አራት ቪቴ ያምነዋል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ የድሮ ጊታር ሠሪዎችም አንገት የሚያጣብቁት ለዚህ ነው። መልሱ ያለው በቪቴዎቹ አገባብ ላይ ነው። በአካሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ቪቴው ሳይነክሰው የሚያልፍበት ሰፊ ነው፤ ጥርሱ የሚነክሰው የአንገቱን ሜፕል ብቻ ነው። ስለዚህ ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ይስባል፤ ከጀርባ ያለው የብረት ሳህን ደግሞ ግፊቱን ለአራቱም ያካፍላል። ጉተቱን የሚሸከመው ቪቴው ብቻ አይደለም፤ እንጨት ከእንጨት ጋር መጋጠሙ ነው። ይህን በካቻቢቴ አጥብቄ ሳሳያቸው አንገቱን ይዘው ለማወዛወዝ ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ያሉት ነገር ስለዚህ ንድፍ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል፦ «እንግዲያ ቢሰበር እኔ አዲስ እገጥምለታለሁ ማለት ነው።»

ፌንደርም የፈለገው ይህንኑ ነው። አንገት ቢጣመም ወይም ፍሬቱ ቢያልቅ መሣሪያው አይሞትም፤ አንገቱ ይፈታል፣ ሌላ ይገባል። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የመለዋወጫ ሻጭ ለዚህ ልክ አንገት አለው፤ ልኩ ስላልተለወጠ። በ1965 ኩባንያው ለአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ለሲቢኤስ ተሸጦ፣ ኋላም እንደገና እጅ ቀይሮ፣ ይህ መጋጠሚያ እንዳለ ቆየ።

ኅዳር 24፦ ፒክአፑና ሽቦው

የ1951 ፒክአፕ አንድ ጥቅል ነበር። የፀጉር ያህል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በማግኔቶች ዙሪያ በሺዎች ጊዜ ይጠመጠማል፤ የብረቱ ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውካል፣ ሽቦው ውስጥም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ችግሩ ጥቅሉ ለመብራት መስመርም ጆሮ ያለው መሆኑ ነው። አሜሪካ 60፣ እኛ ዘንድ 50 ሄርዝ የሆነውን ጉርምርምታ አንስቶ ወደ ማጉያው ይልከዋል። የመሬት መስመር በሌላቸው አሮጌ የአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ባለ አንድ ጥቅል ጊታር የሰካ ሰው ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል።

በ1957 ጥቅሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ግማሹ ለሁለቱ ቀጭኖች ሆነ፤ ሁለቱም ፈንጠር ብለው ተቀመጡ፣ የወፍራሞቹ ወደ አንገቱ፣ የቀጭኖቹ ወደ ብሪጁ። የአንዱ ማግኔት ሽቅብና ቁልቁሉ ተገልብጧል፤ የሽቦው አጠማጠምም ተቃራኒ ነው። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ ከውጭ የሚመጣው ጉርምርምታ በአንዱ ሲገፋ በሌላው ይጎትታል፤ ተደምሮ ይጠፋል። እያንዳንዱ ክር ግን የሚያልፈው በአንዱ ጥቅል ላይ ብቻ ስለሆነ ድምፁ የሚያጣፋው አጣማጅ የለውም፤ ሳይነካ ይወጣል። ሁለት ጥቅል ተጠቅሞ የአንድ ጥቅልን ጥርት ያለ ድምፅ ማቆየት ነው ይህ። ካየኋቸው የኤሌክትሪክ መፍትሔዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ቁጥብነት የለም።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ ክር አንድ ማግኔት ላይ ሳይሆን በሁለት ማግኔቶች መካከል ያልፋል። ክሩ ሲመታ መጀመሪያ የሚወጣው የመምታት ድምፅ በዚህ ይለዝባል፤ ፕሪሲዥን ጡንቻ ኖሮት ጆሮ የማይወጋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፒክአፑን ይዤ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሄድኩ። ስለ ጊታር ምንም አልነገርኩትም፤ ሥዕሉን ብቻ ሰጠሁት። 250 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ፖቴንሺዮሜትሮች (የድምፅ መጠኑና የቶኑ መቆጣጠሪያዎች)፣ አንድ ካፓሲተር፣ አንድ ጃክ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎት ነበር። «ይኸው ነው» ስለው ካፓሲተሩን ከመሳቢያው፣ ከተፈታ የድሮ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ አወጣልኝ፦ 0.047 ማይክሮፋራድ። ከአሜሪካ የመጣው በፖስታው ውስጥ እንዳለ ቀረ። (በመጀመሪያዎቹ ፕሪሲዥኖች ላይ 0.1 ነበር፤ ቶኑ ሲዘጋ የበለጠ ይጨልማል። ለእኔ 0.047 ይበቃል።)

አንዱን ጥቅል ብቻ አገናኝተን ማጉያው ላይ ሰካነው፤ ጉርምርምታው ክፍሉን ሞላው። ሁለተኛውን በተከታታይ አስገባ፤ ጸጥ አለ። ጠጋኙ ፈታው፣ እንደገና ገጠመው፣ እንደገና ሰማ። ሁለቱ አንድ ላይ በኦም መለኪያ ሲለኩ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከብሪጁ ሥር የሚወጣው የመሬት ሽቦም ተበይዷል። ይህ ትንሽ ሽቦ እንዳትረሳ፤ እጅ ክሩን ሲነካ የቀረው ሹክሹክታ የሚጠፋው በእሱ ነው።

ታኅሣሥ 8፦ ቫርኒሽ

በየደረጃው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በስስ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ቀለም አላስቀባሁትም። የዋንዛው ቡናማ መስመር በቀለም ሥር መጥፋት የለበትም፤ የሚስማሮቹ ጥቁር ነጠብጣቦችም እንዳሉ ቀርተዋል።

ታኅሣሥ 15፦ ነቱ

በፖስታው ውስጥ የፕላስቲክ ነት ነበረ። አልተጠቀምኩበትም። የድሮዎቹ ፌንደሮች ነት አጥንት ነው፤ አጥንት ደግሞ በእኛ ሰፈር ሥጋ ቤት አይጠፋም። የበሬ ቅልጥም ተቀቅሎ፣ ቅባቱ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ ደርቋል። ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቁራጭ በብረት መጋዝ ተቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ተስተካከለ።

የአራቱ ክሮች መውረጃ በቀጫጭን ሞረድ ነው የሚቆፈረው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ፣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ወረቀት ብቻ የሚያልፍ ክፍተት ሲቀር ማቆም። ከዚያ በላይ ከቀረ የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ጣት ያደክማሉ፣ ድምፃቸውም ከልኩ ከፍ ይላል፤ ካነሰ ክፍቱ ክር ይንጫጫል።

ታኅሣሥ 22፦ ክሮቹ

ገጽታቸው ለስላሳ የሆኑ፣ ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ክሮች ገብተዋል፤ ከ0.045 እስከ 0.105 ኢንች። ሻካራዎቹ የሚያስተጋባና የሚያበራ ድምፅ አላቸው፤ ለብዙ ሙዚቃ ጥሩ ናቸው። እኔ የምፈልገው ግን አጭርና ክብ ድምፅ ነው፤ በአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች ላይ ከነፋስ መሣሪያዎቹ ሥር የሚራመደውን ዓይነት።

ስለዚህ ድምፅ ሲነሳ ጄምስ ጀመርሰንን አለማንሳት አይቻልም። የዲትሮይቱ ሞታውን ኩባንያ በ1960ዎቹ ያወጣቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ ላይ ቤዙን የመታው እሱ ነው፤ መሣሪያው የ1962 ፕሪሲዥን። ክሮቹ ከ0.052 እስከ 0.110 የሆኑ ወፍራም ጠፍጣፋዎች ነበሩ፤ ካልተበጠሱ በስተቀር አይቀይራቸውም ነበር። ቀኝ እጁ ላይ የሚሠራው አንድ ጣት፣ ጠቋሚው ብቻ ነበር። ከብሪጁ ክዳን ሥር ያለው ስፖንጅ ክሩን ቶሎ ያፍነዋል። አዳምጡት፤ እያንዳንዱ ኖታ ተመትቶ ወዲያው ቦታ ይለቅቃል፣ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ምት ይሆናል። ካሮል ኬይ ደግሞ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ይህንኑ ቤዝ በጣት ሳይሆን በፒክ (በትንሽ መምቻ) እየመታች ሌላ ጠባይ አወጣችለት። አንድ ፒክአፕ፣ ሁለት መቆጣጠሪያ፤ ልዩነቱ ሁሉ የእጅ ነው። መሣሪያው ራሱ ብዙ ድምፅ ስለማይሰጥ ተጫዋቹ የራሱን እንዲያወጣ ይገደዳል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አልስማማም።

ብሪጁ ከታጠፈ ብረት የተሠራ ሳህን ነው፤ በላዩ ለእያንዳንዱ ክር አንድ፣ አራት ማረፊያዎች አሉት። በቪቴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። 12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ኖታና በዚያው ቦታ ክሩን በጣት ነካ ብቻ በማድረግ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ (ሃርሞኒክ) እስኪገናኙ አስተካከልኩ። በመጨረሻ ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ 2.5፣ ቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ቆመዋል።

ጥር 4፦ ከባንዱ ጋር

ልምምዱ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ከበሮ፣ ክራር፣ ኪቦርድና ድምፃዊት። ድምፅ ማውጫዎቹ አሮጌና ትንንሽ ናቸው፤ ሆን ብዬ አልቀየርኳቸውም።

ክፍቱ ወፍራም ክር 41.2 ሄርዝ ነው። ትንሽ ማጉያ ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በጭራሽ አያወጣም። ሆኖም ኖታው የት እንዳለ ጆሮ አልጠፋውም። ምክንያቱ ክሩ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር እጥፎቹን፣ 82፣ 124፣ 165 ሄርዝንና ከዚያ በላይ ያሉትን አብሮ ማውጣቱ ነው፤ ጆሮ እነዚህን ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ፕሪሲዥን በዚህ መካከለኛ ክልል ላይ ጠንካራ ነው። ፒክአፑ የተቀመጠበት ቦታ፣ ወደ አንገቱም ወደ ብሪጁም ያላዘነበለው፣ ይህን ያመጣል። ብቻውን ሲመታ ደረቅ የሚመስለው ድምፅ ባንድ ውስጥ ሲገባ የሚነጥረው ለዚህ ነው። ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ቤዞች ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲመቱ አስደንቀውኝ መድረክ ላይ ሲጠፉብኝ አይቻለሁ።

በትዝታ ቅኝት ዘለግ ያለ ዘፈን ተጫወትን። ክራሩ ከፍ ብሎ ሲሄድ እኔ ከታች ጥቂት ኖታ ብቻ አኖርኩ፤ አልተጋጨንም። ከዚያ ወደ ቺክቺካ ስንገባ ከብሪጁ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ወሸቅሁ። በስድስት ስምንተኛው ምት ላይ ቤዙ ከተጎተተ ከበሮው ይደበዝዛል፤ አጠር ሲል ግን ሁለቱ አንድ መሣሪያ ይሆናሉ። ከበሮ መቺው ዞሮ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድምፁ አላሰብኩም።

የካቲት 14፦ ደረቁ ወቅትና ቀጣዩ ሥራ

የበጋው ደረቅ አየር አንገቱን ትንሽ ወደ ኋላ አቅንቶታል፤ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ መንጫጫት ጀመረ። አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ሩብ ዙር ማላላት በቂ ነበር። ግን እዚህ ላይ የድሮውን አሠራር አላመሰግንም፤ የዘንጉ መፍቻ ያለው በአንገቱ ተረከዝ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ክሩን አላልቶ አንገቱን ማንሳት ግድ ይላል። በአንድ ቪቴ የሚያልቀው ሥራ አራት ያስፈታል። አዲሶቹ አንገቶች መፍቻቸው በአንገቱ ጫፍ፣ በመቃኛዎቹ በኩል ስለሆነ ለሁለተኛው ያዘዝኩት እንደዚያ ያለውን ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ስቦ በተቃራኒው ስለሚሄድ ያን ሩብ ዙር መልሼ ማጥበቅ ይኖርብኛል።

አዎ፣ ሁለተኛ አለ። አናጢው ሳልጠይቃቸው የካርቶኑን ልክ በኮምፔንሳቶ ቆርጠው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። የሚቀጥለው አካል ግራቪሊያ ይሆናል፤ የ1986ቱ አዋጅ ከከለከላቸው ዛፎች ውስጥ አልነበረም፣ በየማሳው ዳር ይተከላል፣ ገበያም ላይ አለ። ሳንቃው ተሰንጥቆ በመካከሉ እንጨት እየተደረገ ጥላ ሥር ተደርድሯል። አናጢው እስከ ግንቦት መነካት የለበትም ብለዋል። እስከዚያ የፒክአፑ ጉድጓድ ልክ ላይ አንድ ነገር እየጨመርን ነው፦ ከሥሩ ስፖንጅ ማስቀመጫ ሦስት ሚሊ ሜትር ጥልቀት፤ ይህኛው ላይ ፒክአፑን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ቦታው ጠበብ ብሎናል።